መንፈሱን ከመጥራትሽ በፊት ከሰሉን አውጪው

«ይድረስ ለምክር ዓምድ፤

የ26 ዓመት ሴት ነኝ። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ ፀጉር ቤት የምሠራ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ሕልም መሬት ጠብ አይልም ይባላል። አያቴም እንዲሁ ነበሩ፤ ሰፈሩ «ውቃቢ አላቸው» ይላቸው ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የውጭ አገር ሚዲየሞችን ቪዲዮ በስልኬ አያለሁ። መንፈስ አለበት የተባለ ቤት ገብተው፣ መብራት አጥፍተው፣ የሞተውን ሰው የሚያናግሩትን።

የእናቴ ጓደኛ፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ሺምብጥ ከሐይቁ ብዙ የማይርቅ ቤት ተከራዩ። ከገቡ ጀምሮ ሰላም የለም። ሌሊት ኮርኒሱ ይንኳኳል። መስኮቱ ሥር የሚያቃስት ነገር አለ። በር ራሱ ይከፈታል። እትዬ ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ትንሿ ልጃቸው ታስመልሳለች። «አንቺ ታያለሽና ነይ እደሪልን» አሉኝ። ከአክስቴ ልጅ ጋር ሄድን። ትንኝ እንዳይገባ መስኮት ተዘጋ። ከሰል ተቀጣጠለ፣ ዕጣን ተጨሰ፣ ቡና ተፈላ። እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭ አልን። ማቃሰቱን በጆሮዬ ሰማሁት። በኋላ ጋደም ባልኩበት የሆነ ነገር ደረቴን ተጫነኝ። ልጮኽ አልቻልኩም። ጥግ ላይ ልብሱ የረጠበ ወንድ ቆሞ ነበር።

ስነሣ «ውሃ የወሰደው ወንድ አለ፤ ዕረፍት አላገኘም» አልኳቸው። እትዬ ጩኸታቸውን ለቀቁት። ለካ ታናሽ ወንድማቸው ከብዙ ዓመት በፊት ጣና ላይ ጀልባ ተገልብጦበት አስከሬኑ ሳይገኝ ቀርቷል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

አሁን ባለቤታቸው ቤቱን እንልቀቅ ይላሉ፤ እትዬ «ወንድሜን ጥዬ የትም አልሄድም» ብለዋል። ማታ ማታ ምግብ እዚያ ክፍል ያስቀምጣሉ። እዚያው ማደር ጀምረዋል። ለእኔ 5,000 ብር ሰጡኝ፤ ተቀበልኩ እንጂ ከብዶኛል። ወሬው ወጥቶ ሌሎችም ይደውሉልኛል። የአክስቴ ልጅ ሌሊቱን በስልክ ቀርጾታል፤ «ቲክቶክ ልክፈትልሽ» ይለኛል። ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው አፈርኩ። እውነት ስጦታ አለኝ? ተመልሼ ሄጄ ወንድማቸውን ላናግርላቸው?

የጣና ዳር ልጅ»

ውድ የጣና ዳር ልጅ፣

ስለ ስጦታሽ የጠየቅሽውን እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ይህን እንዳነበብሽ ለእትዬ ደውዪላቸው። «ዛሬ ማታ ከሰል ቤት ውስጥ እንዳያድር» በያቸው። ወንድማቸውን አታንሺ፣ መንፈስ የሚባል ነገር አታንሺ። ስለ ከሰሉ ብቻ ተናግረሽ ዝጊው። ስልካቸው እምቢ ካለ ባጃጅ ይዘሽ ሂጂ።

የቸኮልኩበትን ምክንያት ልንገርሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ያስደነገጠኝ የትንሿ ልጅ ማስመለስ ነው። ጥግ ላይ የቆመው ሰውዬ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እናት ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ልጅ ታስመልሳለች፣ ቤቱ ለትንኝ ተብሎ ተዘግቶ ያድራል፣ ውስጡ ከሰል አለ። እነዚህ አራት ነገሮች አንድ ላይ ሲገጥሙ እኔ የማስበው ካርቦን ሞኖክሳይድን ነው። ይህ ጋዝ ዓይን እንደሚያስለቅሰው ጭስ አይደለም። ያኛው ቢያንስ ያስነሣሻል፣ መስኮት ያስከፍትሻል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ጥሩ ፍም ሲሆንና «አሁን ደህና ነው፣ አስገቡት» ሲባል እንኳ መውጣቱን አያቆምም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። ኦክስጅን ተሸክሞ ከሚዞረው የደም ክፍል ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ስለሆነ በቀላሉ አይለቅም። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል። ሲብስ ሰው ይቀባጥራል፣ የሌለ ነገር ይሰማል፣ ራሱን ይስታል። ተኝቶ ያገኘውን ደግሞ ሳያነቃው ይዞት ይሄዳል። ከሰል አስገብቶ የተኛ ቤተሰብ እንደተኛ የቀረበትን ወሬ ያልሰማ ሰው መቼም አገራችን ውስጥ የለም።

ምልክቱ የሚታወቅበት መንገድ አለ። ሕመሙ የቤቱን ሰው አንድ ላይ ይይዛል፤ ውጭ ሲውሉ ይተዋቸዋል፣ ማታ ሲገቡ ያገረሽባቸዋል። እስቲ አስቢው። ከቤቱ ስትወጪ ይሻልሻል፣ ስትመለሺ ያምሻል። «ይሄ ቤት አንድ ነገር አለበት» ብትዪ ማን ይፈርድብሻል? አለበትም ደግሞ።

ይህ ከእኔ የመጣ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1921 ዊልያም ዊልመር የሚባል አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም በአንድ የዓይን ሕክምና መጽሔት ላይ የአንዲት ታካሚውን ታሪክ አወጣ። ስሟን ሰውሮ «ወይዘሮ ኤች» ብሎ ነው የጠራት። ቤተሰቧ እ.ኤ.አ. በ1912 አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት ይገባል። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ራሱን ያመዋል። ልጆቹ ይገረጣሉ፣ መጫወት ይተዋሉ። ሰው የሌለበት ፎቅ ላይ የእግር ኮቴ ይሰማል። ከኋላ የሚከተላቸው ሰው ያለ ይመስላቸዋል። ሴትዮዋ ሌሊት ነቅታ የማታውቃቸው ሰዎች አልጋዋ ግርጌ ተቀምጠው ያየችበት ጊዜ አለ። መጨረሻ ላይ ነገሩ ሲመረመር ቤቱን የሚያሞቀው ምድጃ ተበላሽቶ ኖሯል። ጋዙ በጭስ ማውጫው ሽቅብ በመውጣት ፈንታ ወደ ክፍሎቹ ይገባ ነበር። ምድጃው ተሠራ፣ ኮቴውም ቀረ።

ስለዚህ እትዬ ቤት ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ። ከሰሉ ፍምም ሆነ አመድ ለባሽ፣ ሰው ሳይተኛ ከቤት ይውጣ። ለትንኙ አጎበር አለ፤ መስኮት መዝጋት አያስፈልግም። ልጅቷን ሐኪም ይያት። ፈለገ ሕይወትም ይሁን ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሲወስዷት «ከሰል ባለበት ዝግ ቤት ነው የምናድረው» ብለው ይናገሩ። ይህን ካልተናገሩ፣ ባሕር ዳር ላይ ራስ ምታትና ማስመለስ የሰማ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስመረምረው ወባ ነው። አይፈረድበትም። ራሱን የሳተ ሰው ከተገኘ ደግሞ ውሃ መርጨትና ሎሚ ማሽተት ጊዜ ማባከን ነው። ወደ ውጭ አውጥቶ ወደ ሆስፒታል። የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው።

አሁን ወደሚያቃስተው እንምጣ። ሺምብጥ፣ ሐይቁ አጠገብ፣ ሌሊት፣ መስኮት ሥር። እህቴ፣ አንቺ የባሕር ዳር ልጅ አይደለሽም እንዴ? ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ሣር ፍለጋ ይወጣል። በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ገደማ ሣር ይጨርሳል። አፉን ከመሬት ሳያነሣ እየነጨ፣ እያለከለከ፣ አልፎ አልፎ እያጓራ የሰው አጥር ድረስ ይመጣል። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ያደገ ሰው ያንን ድምፅ በእንቅልፍ ልቡም ይለየዋል። ከሌላ ሰፈር ለመጣ ተከራይ ግን በጨለማ ሲሰማ ከሰው ማቃሰት አይለይም። ጠዋት ወጥታችሁ መስኮቱ ሥር ያለውን መሬት ተመልከቱ። ባለ አራት ጣት ሰፊ ዱካ ካገኛችሁ እንግዳው ታወቀ። ዱካ ከሌለ እዚያው ብዙ ዓመት የኖረ ጎረቤት ጠይቁ፤ ላምም ሊሆን ይችላል፣ ውሻም። ብቻ ማታ ባትሪ ይዛችሁ ልታዩት እንዳትወጡ። መንፈስ ሰው ገደለ ሲባል በማስረጃ አልሰማሁም። ጉማሬ ግን ይገድላል።

በሩና ኮርኒሱ ብዙ አያከራክሩንም። ቤቱ ዋልካ ላይ ከተሠራ መሬቱ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ መቃኑም አብሮ ያዘማል፤ ያዘመመ በር ሰው ሳይነካው ይከፈታል። ቆርቆሮ በፀሐይ ተለጥጦ ውሎ ማታ ሲቀዘቅዝ ጧ ጧ ይላል። ኮርኒስ ውስጥ አይጥና የሌሊት ወፍ አለ። አንድ አናጢ ለግማሽ ቀን ይግባበት።

አንቺን የተጫነሽስ? ይህንን አያትሽ ቢኖሩ በስሙ ይጠሩልሽ ነበር። ዱካክ ነው።

ሰው ሕልም በሚያይበት የእንቅልፍ ሰዓት ሰውነቱ ይታሰራል። ባይታሰር ኖሮ በሕልማችን የምንሮጠውን አልጋችን ላይ እንሮጠው ነበር። አንዳንዴ ታዲያ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፤ ሰውነት ግን ገና አልተፈታም። ዓይን ይከፈታል፣ እጅ አይታዘዝም፣ ደረት ይከብዳል፣ ድምፅ አይወጣም። ሕልሙም ጨርሶ ስላልሄደ ክፍሉ ውስጥ የሚታይ ነገር ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ሰው ነው፤ ጥግ ላይ፣ በር ላይ፣ ወይም ደረት ላይ። ከጥቂት ሰከንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። እንቅልፍ በጎደለው፣ ሰዓቱ በተዛባበት፣ በጀርባው በተኛ ሰው ላይ ይበረታል። አንቺ ያን ሌሊት እስከ በረካ ጠጥተሽ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ነቅተሽ፣ የከሰልና የዕጣን ጭስ በሞላው ዝግ ክፍል፣ መንፈስ እየጠበቅሽ ጋደም አልሽ። ዱካክ በክብር እንግድነት ቢጠራ እንኳ እንዲህ አይመቻችለትም።

አላየሽም አላልኩሽም። አይተሻል፣ ፈርተሻልም። እኔ የምከራከረው ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው።

«ታዲያ ወንድማቸውን እንዴት አወቅሁት?» ትያለሽ። ልብሽን የያዘው ይህ እንደሆነ ይገባኛል። እስቲ የምትኖሪበትን ከተማ አስቢው። ሐይቅ አለ፣ ዓባይ አለ። በታንኳ ወጥቶ ያልተመለሰ አለ፣ ለዋና ገብቶ የቀረ ልጅ አለ። ባሕር ዳር ላይ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ፊት ቆሞ «ውሃ የወሰደው ወንድ አለ» ማለት መርካቶ ገብቶ «ነጋዴ ይታየኛል» እንደማለት ነው። ወንድም ባይሆን አጎት፣ አጎት ባይሆን የጎረቤት ልጅ ይገኝ ነበር። ደግሞ የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው። «ወንድ» ነው ያልሽው እንጂ «ወንድምዎ» አላልሽም። ወንድማቸው ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ለዓመታት ሲጠብቁት የኖሩትን ሰው፣ አንቺ ትንሽ ገርበብ ባደረግሽው በር አስገቡት።

እናትሽንም ጠይቂያቸው። እሳቸውና እትዬ የቆዩ ጓደኛሞች ናቸው። የዚያ ልጅ መርዶ የመጣ ሰሞን አንቺ ምናልባት ምንጣፍ ላይ የምትድሂ ወይም ከትልልቆች እግር ሥር የምትጫወቺ ሕፃን ነበርሽ። ልጅ የሰማውን ሁሉ እንደሰማው አያውቅም።

ይህን አውቀው እንጀራ ያደረጉት አሉ። ብዙ ሰው ላይ የሚሠራ ሰፊ ነገር ይወረውራሉ፣ የሰውየውን ፊት ያያሉ፣ የደነገጠበትን ይዘው እያጠበቡ ይሄዳሉ። አንቺ ሆን ብለሽ እንዳላደረግሽው አምናለሁ። ሆን ብላ የምታደርግ ሴት 5,000 ብር አይከብዳትም።

የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በስልክሽ የምታያቸው ሚዲየሞች ሁሉ ሥር መሠረታቸው ወደ አንዲት ቤት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1848 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ሃይድስቪል በምትባል መንደር ማርጋሬትና ኬት ፎክስ የሚባሉ እህትማማቾች ነበሩ። ገና ልጆች ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ሌሊት መንኳኳት ተሰማ። ልጆቹ ጥያቄ ሲጠይቁ መንኳኳቱ ይመልሳል። እናታቸው ደነገጠች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ «እዚህ ቤት የተገደለ ተጓዥ ነጋዴ መንፈስ ነው» ተባለ። ከዚያ ሊያ የምትባል ትልቅ እህታቸው ነገሩን በእጇ አስገባችው። በዓመቱ ሮቸስተር ከተማ አዳራሽ ውስጥ ሰው ከፍሎ እየገባ ያያቸው ጀመር። ከሙታን ጋር መነጋገር አሜሪካንና አውሮፓን ያዳረሰ ትልቅ ጉዳይ ሆነ። 40 ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1888 ማርጋሬት ኒው ዮርክ ውስጥ መድረክ ላይ ወጥታ፣ በሕዝብ ፊት ጫማዋን አውልቃ፣ ድምፁ የሚወጣው ከየት እንደሆነ አሳየች። የእግር ጣቷን አንጓ ቋ ቋ ማድረግ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያልኩት ውሸት ነው ብላ ቃሏን አነሣች። በዚያን ጊዜ ተቸግራ ነበር። ሁለቱም መጠጥ ላይ ወድቀው ደኽይተው ሞቱ፤ ኬት በ1892፣ ማርጋሬት በ1893።

በጨዋታ የጀመሩ ልጆች ነበሩ። ማቆም ያቃታቸው ትልልቆቹ ስላመኗቸውና ሰው ስለከፈለባቸው ነው። የአክስትሽ ልጅ የአንቺ ሊያ ነው። ክፉ ነው እያልኩሽ አይደለም፤ ቪው ታይቶት ነው። ዛሬ አንድ ቪዲዮ ከለቀቃችሁ ግን በሚቀጥለው ቤት ምንም ሳታዪ «ዛሬ የለም» ብለሽ ለመመለስ አቅም ይኖርሻል? ሰው ከፍሏል፣ ካሜራ ተደቅኗል፣ አንዲት እናት ዓይን ዓይንሽን ታያለች። ያኔ ሆን ማለት ይጀመራል።

አንድ ነገር በመሃል ልጨምር። የአያትሽን ነገር ከእነዚህ ቪዲዮዎች ጋር አታደባልቂው። በእኛ አገር ወግ ዛር የሞተ ሰው መንፈስ አይደለም። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት፣ እግዚአብሔር ሊያያቸው ሲመጣ የሚያምሩትን 15ቱን ደበቀች፣ የተደበቁት እንደተደበቁ ቀሩ፣ ዛሮች እነሱ ናቸው ይባላል። ባለዛሯ የምትደራደረው ከዚያ ወገን ጋር ነው፤ የሰው ወንድም ጠርታ አታስለቅስም። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም እንደማትቀበል ታውቂያለሽ፤ ሙታን ሳቢን ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ላይ በግልጽ ትከለክላለች። አንቺ ግን ዕጣኑንና ቡናውን ከአያትሽ ወሰድሽ፣ መብራት ማጥፋቱንና «እዚህ ያለህ ማነህ?» ማለቱን ከዩቲዩብ ወሰድሽ። ዛር ቢኖር እንኳ የተጠራው እሱ ይሁን ሌላ ግራ ይገባዋል። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ከዚህ የባሰ ብዙ ሰምተዋል።

እንግዲህ ወደ እትዬ።

አስከሬን ያልተገኘለት ሐዘን ከሌላው ይለያል። ለቅሶ ተቀምጠዋል፣ ቀብር ግን አልወጡም። የሚሄዱበት መቃብር የለም። ጀልባ ሲመጣ ዓይናቸው ይሄዳል። ምናልባት ወዲያ ማዶ ወጥቶ ይሆናል፣ ምናልባት ዘጌ፣ ምናልባት ሌላ አገር። እንዲህ እያሉ ዓመታት ኖረዋል፤ ደግሞም ችለውት ነበር። ቤት ተከራይተው፣ ልጅ አሳድገው፣ ቡና ከእናትሽ ጋር ጠጥተው ኖረዋል። አንቺ «ዕረፍት አላገኘም» አልሻቸው። በእነዚህ ሁለት ቃላት ነው እዚያ ክፍል የገቡት። እኅት ነኝ የምትል ሴት ወንድሟ ዕረፍት አላገኘም ከተባለች እንዴት ዘግታ ትውጣ?

ስለዚህ ሂጂ፤ መንፈሱን ለማናገር ግን አይደለም። ቀን ሂጂ። እናትሽን ይዘሽ ሂጂ። የአክስትሽን ልጅ አትውሰጂ። ባለቤታቸውም ቢኖሩ ጥሩ ነው። እንዲህ በያቸው፤ «እትዬ፣ ያን ሌሊት ዱካክ ነው የያዘኝ። ያየሁት ሕልም ነው። ዕረፍት አላገኘም ያልኩት ከራሴ ነው እንጂ የማውቀው ነገር የለኝም። ስላስጨነቅኩዎት ይቅር ይበሉኝ።» እዚህ ላይ አቁሚ።

ማቆሙ ከባድ እንደሚሆን አውቃለሁ። እሳቸው ሲያለቅሱ አንጀትሽ አይችልም። «አሁን ግን አርፏል፣ እየሳቀ አየሁት» ማለት ያምርሻል። እንዳትይው። አስማተኛው ሃሪ ሁዲኒ እናቱን እ.ኤ.አ. በ1913 አጥቶ ሐዘኑ አልወጣልህ ብሎት ነበር። በ1922 ወዳጁ የነበረ አንድ ታዋቂ ደራሲ ባለቤት፣ ሚዲየም ነኝ የምትል ሴት፣ እናቱን ላናግርልህ አለችው። ቁጭ ብላ ገጽ በገጽ የእናት ፍቅር ጻፈችለት። የወረቀቱ አናት ላይ መስቀል አድርጋለች። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። የሁዲኒ እናት የአይሁድ ረቢ ሚስት ነበሩ፤ ለልጃቸው በእንግሊዝኛ አይጽፉም። ሴትዮዋ ልታጽናናው ነበር ያሰበችው። እሱ ግን ተቆጣ፣ ወዳጅነቱም ፈረሰ። የቀረ ዕድሜውን ሚዲየሞችን በማጋለጥ አሳለፈ።

ወንድማቸው እኅቱን ማን ብሎ እንደሚጠራት፣ ሲናደድ ምን እንደሚል፣ ምን እንደሚያስቀው የሚያውቁት እትዬ ናቸው። አንቺ አንድ ቃል ከሳትሽ ያውቁብሻል። ካልሳትሽ ደግሞ የባሰ ነው፤ ነገ ሌላ ያስጠይቁሻል፣ ከነገ ወዲያም።

አይቀበሉሽ ይሆናል። «ፈርተሽ ነው የምትክጂው» ሊሉሽ ይችላሉ። አትሟገቻቸው። ያልሽውን አንድ ጊዜ ደግመሽ ቡናሽን ጠጥተሽ ውጪ። ቀሪው የእናትሽና የባለቤታቸው ነው። ባለቤታቸውን ለብቻ አግኝተሽ «ቤቱን እንልቀቅ» የሚለውን ለጊዜው ያቆዩት በያቸው። በጉልበት ካስወጧቸው ወንድማቸውን ሁለተኛ የጣሉት ነው የሚመስላቸው። መጀመሪያ ከሰሉ ይውጣ፣ ልጅቷ ትታይ፣ በሩ ይጠገን፣ እትዬም ከባለቤታቸው ጋር ወደ መኝታ ቤታቸው ይመለሱ። የራስ ምታቱ ሲለቅ ብዙ ነገር አብሮ ሊለቅ ይችላል።

ምግቡን አትንቀፊባቸው። ለሚወዱት ሰው ማጉረስ ፈልገው ነው። እናትሽ ቀስ ብለው «እዚያ ከሚበላሽ በስሙ ለነዳያን እንስጠው» ቢሏቸው እሺ የሚሉ ይመስለኛል። ጊዮርጊስ ደጅ የሚበላው የጠፋ ሰው ሞልቷል። አስከሬን ላልተገኘ ሰው ነፍስ ምን እንደሚደረግ፣ ፍትሐቱም ተዝካሩም እንዴት እንደሚሆን የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ። ያኔ ተደርጎ ከነበረም ለሙት ዓመቱ እንደገና መሰባሰብ ክፋት የለውም። እትዬ አሁን የሚፈልጉት ስለ እሱ የሚያወራላቸው ሰው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ማንም ስሙን አላነሣላቸውም ይሆናል።

ይህም ሁሉ ተደርጎ እህል ካስጠላቸው፣ ሌሊቱን ሙሉ ከነቁ፣ ቀን በብርሃን ከወንድማቸው ጋር ማውራት ከጀመሩ ፈለገ ሕይወት የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ጠበሉን ትተው ይሂዱ አልልም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቻላል። ለአንቺም እንደዚሁ። ያየሽው በእንቅልፍ አፋፍ ላይ ከሆነ ዱካክ ነው፤ ቀን፣ ነቅተሽ፣ ሥራ ላይ እያለሽ የሚታይሽ ወይም የሚያናግርሽ ካለ ግን ሳትደብቂ ሐኪም አማክሪ።

ስጦታ አለኝ ወይ ላልሽው፣ የሞተ ሰው ታናግሪያለሽ ብዬ አላምንም። ፀጉር ቤት የምትሠራ ሴት ግን ደንበኛዋ ወንበሩ ላይ ገና ሳትቀመጥ የከፋትንና ያልከፋትን ትለያለች። አንቺም ሰው ታነቢያለሽ፤ እሱን ስጦታ ብትዪው አልከራከርሽም። ለሚደውሉልሽ ሰዎች «አልሠራም» በያቸው። ምክንያት አትደርድሪ፤ ምክንያት ከሰጠሽ ዋጋ ይጨምሩልሻል። ከሰል ቤት ውስጥ ያሳድሩ እንደሆነ ግን ሳትጠይቂ ስልኩን አትዝጊ።

5,000 ብሩን ይዘሽ ሂጂና መልሺ። አልቀበልም ካሉ በወንድማቸው ስም ለነዳያኑ የሚሆነው ላይ ይጨመር። ከኪስሽ ግን ይውጣ።

የቀረው ቪዲዮው ነው። እዚያ ውስጥ እትዬ ሲጮኹ አለ። እናትሽ የሚያከብሯቸው ሴት፣ በሌሊት ልብሳቸው፣ የወንድማቸውን ስም እየጠሩ። የአክስትሽን ልጅ ስልኩን አስከፍተሽ አንቺ ፊት ያጥፋው፤ የተሰረዙ ፋይሎች ከሚቀመጡበትም ጭምር። ለማን ለማን እንደላከ ጠይቂው። መላኩ አይቀርም። አንድ በአንድ ደውላችሁ አሰርዟቸው። ይህን እትዬ ቤት ከመሄድሽ በፊት ጨርሺው። «ያ ልጅ ሲቀርጽ ነበር፣ የት አደረሰው?» ብለው ቢጠይቁሽ፣ ዓይናቸውን እያየሽ «ጠፍቷል» ማለት አለብሽ።